ክቡን የሣልሁት እኔ ነኝ

መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የሥነ ልቦና መምህራችን አንድ ፈረንጅ ነበር። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ አደረገና «ምን ታያላችሁ?» አለን። ክፍሉ በሙሉ «ክብ» አለ። ከሁሉም በላይ የተሰማው የእኔ ድምፅ ነበር፤ አፌ ያኔም አያርፍም። ሰውየው ሳቅ እያለ «እኔ ያስቀመጥሁት ነጥብ ብቻ ነው። ክቡን የሣላችሁት እናንተ ናችሁ» አለ።

ትምህርቱ ጌስታልት ይባላል፤ ስሙ የጀርመን ነው። ዐይን የሚያቀብለውን ቁርጥራጭ አእምሮ እንዳለ አይተወውም ይላል። የተቀራረበውን አንድ ያደርገዋል፤ የሚመሳሰለውን ይሰበስበዋል፤ እኩል የሚንቀሳቀሰውን እንደ አንድ ነገር ይቆጥረዋል፤ የጎደለ ሲኖር ከራሱ ይሞላል። አንዱን ወደ ፊት አውጥቶ ምስል ካደረገው የቀረው ሁሉ መደብ ሆኖ ወደ ኋላ ይሸሻል። በዚህ ትምህርት ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ለመኩራት አይደለም የምናገረው፤ ዐውቄም አለማወቄ እንዲታይልኝ ነው።

ስንመረቅ የእስቴዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ ደረሰችኝ። የጎንደር ከተማ ልጅ ስለ ነበርሁ እስቴን በስም ብቻ ነበር የማውቃት። በጃንሆይ ዘመን ሴት አስተማሪ በዚያ አገር ብርቅ ነበረች፤ ገበያ ስወጣ ዞሮ የማያየኝ አልነበረም። ብዙም ሳልቆይ የአገሩን ልጅ አገባሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከእናቱ ግቢ ገባሁ።

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። አስተማሪ መሆኔን እያወቁ ግን «ተማሪዋ» ይሉኝ ነበር፤ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። እኔም በበኩሌ «እርስዎ» ነበር የምላቸው። በእኛ ዘንድ የወለደች እናት «አንቺ» ትባላለች፣ አማት «እርስዎ» ናት። አክብሮት ነው ይባላል። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና እንደ አጥር ነበር የተጠቀምሁበት።

አንድ እሑድ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም «ውሃ አልቋል» አሉኝ። ቀና ሳልል «ይህን ጨርሼ እቀዳለሁ» አልኋቸው። አልጠበቁኝም። እንስራቸውን አዝለው ወረዱና ምንጩ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ አዳለጣቸው። ወጌሻው ጭናቸውን ዳብሶ «ይህ ከእኔ በላይ ነው» አለ። በማግሥቱ ወንዶቹ ቃሬዛ አበጅተው ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ይዘዋቸው ወጡ፤ ባለቤቴም አብሮ ሄደ። እኔ ትምህርት ቤቱን ዘግቼ አልሄድም አልሁ።

መንደሩ ምን እንዳለ አልተደበቀኝም። «ደብተር ታቅፋ ተጎልታ አሮጊቷን ውሃ ላከቻቸው» ይባል ነበር። ከደብረ ታቦር ለሳምንታት ወሬ ጠፋ። ማታ ማታ ሞታቸውን እፈራ ጀመር። ስለ ወደድኋቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አላፍርም ነበር። የፈራሁት ሞታቸው በእኔ እንዳይላከክ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ተረት ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ቢጫ ሆኗል። ደጅ ቆሜ ቁልቁል ወደ መንገዱ ሳይ በገብሱ መካከል ነጭ ነገር ብቅ አለ። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመዋል። የተኛው ሰው ከእግሩ እስከ ራሱ በጋቢ ተሸፍኗል። ተሸካሚዎቹ አይነጋገሩም፤ እግራቸው እኩል ይነሣል፣ እኩል ያርፋል። ከኋላቸው ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ በቅሎ ይስባል፤ በቅሎዋ ኮርቻ ተጭናለች፣ የተቀመጠባት ግን የለም። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች በቅሎ እንዲያ ተጭና ባዶዋን ነው የምትሳበው።

ነጥቦቹ በአንዴ ገጠሙልኝ። ያልገጠመም ነበር እኮ። ሬሳ የሚመጣ ቢሆን መርዶ ነጋሪ ቀድሞ በደረሰ ነበር። ባለቤቴም እናቱ ሞተውበት ነጠላውን እንደ አዘቦት ቀን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አይመጣም። ይህን ሁሉ ዐይኔ አይቶታል፤ አእምሮዬ ግን ወደ ኋላ ገፋው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ እባቡን ስጠብቅ ነበር የሰነበትሁት።

እሪ አልሁ። መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአካባቢው ሙሾ በማውረድ የታወቁ ሴት። ምን ሆነሽ አላሉኝም። የእኔን ጩኸት ሰሙ፣ ቃሬዛውን አዩ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ማውረድ ጀመሩ። ሌሎቹ ሴቶችም እኔንና እሳቸውን አይተው እንደዚያው አደረጉ። እኔ የሣልሁትን ክብ መንደሩ ሁሉ አየው።

ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ምራት ናትና ታልቅስ ነው። ግጥም አላውቅም። ጉንጬን ነጨሁ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ ያገኘሁትን ቃል ወረወርሁ። «እናቴ፣ አንቺ እናቴ፣ ለማን ጥለሽኝ ሄድሽ። ልጄ ስትይኝ እንዳልኖርሽ ማን ልጄ ይበለኝ» አልሁ። በሙሾ ሟች ሁሉ «አንቺ» ናት፤ ነውር የለውም። ዕንባዬ የእውነት ነበር፤ ነገር ግን እያለቀስሁ በጎን ማን ማን እንደሚያየኝ አይ ነበር። ይበልጥ አንጀታቸውን ሊበላ የሚችለውን ቃል እመርጥ ነበር።

ቃሬዛው ቆመ። ባለቤቴ የበቅሎዋን ልጓም ጥሎ እየሮጠ መጣና «ማን ሞተብን?» አለ። እነሱ ደግሞ ደጃችን ላይ የምታለቅስ ሴት አይተው ከቤት ሰው የሞተ መስሏቸዋል። ወዲያው ቃሬዛው ላይ ጋቢው ተንቀሳቀሰ። አማቴ በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ፤ ፊታቸው በላብ ረጥቧል።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

ፀሐዩ ሲበረታባቸው የተከናነቡት ራሳቸው ኖረዋል። በቅሎዋን ለእሳቸው ብለው ነበር ያመጧት፤ እግራቸው በጀሶ ታሽጎ መቀመጥ ስላልቻሉ ባዶዋን ተሳበች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈቱ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሙሾ አውራጇ ግን አልሳቁም፤ በአጠገቤ ሲያልፉ «ሟርተኛ» አሉኝ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሞቱን መጥራት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሰኞ በተነጨ ጉንጭ ማስተማር ነበረብኝ፤ ተማሪዎቼም ማን እንደሞተብኝ ጠየቁኝ።

በዚያው ቅዳሜ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ከአማቴ መኝታ አጠገብ ተቀምጬ የእጃቸውን አቧራ እጠርግ ነበር። ባለቤቴ ተሸካሚዎቹን ሊሸኝ ወጥቷል።

«ሰማሁሽ» አሉኝ። «ገና ከታች ከገብሱ መካከል ሳለን ነው የሰማሁሽ። ድምፅሽን ግን አልለየሁትም።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ዐይኔ ነው ያሳሳተኝ» አልሁና ማስረዳት ጀመርሁ። ስለ ጋቢው፣ ስለ በቅሎዋ፣ ተሸካሚዎቹ እኩል ስለ መራመዳቸው ደረደርሁ። የተማርሁትን እንኳ ልጨምርላቸው ነበር። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«እሱን ተይው። ማንም ቢያይ ያለቅስ ነበር። አንቺ እናቴ አልሽኝ እኮ።»

አቀረቀርሁ።

«ሴት ልጅ አልወለድሁም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አንቺ ያለችኝ ሴት የለችም» አሉ። ቀጥለውም «እስቲ አሁን በይኝ፤ ሳልሞት» አሉኝ።

እየቀለዱብኝ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። አይቀልዱም። ዐይናቸው አፌ ላይ ነበር። እኔ ግን ያ ቃል ደጅ ላይ በሰው ፊት እንዴት እንደ ወጣ ታወሰኝ፤ ማን እንዳየኝ እያየሁ ያልሁት ቃል ነበር። ዳግመኛ ብናገረው ውሸት ይሆናል ብዬ አሰብሁ። አሁን ሳስበው ያኔ ብዬው ቢሆን ኖሮ እውነት ይሆን ነበር።

«እርስዎ ይረፉ፣ መንገዱ አድክሞዎታል» አልኋቸው።

«እሺ» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እግራቸው ዳነላቸው፤ እያነከሱም ቢሆን ብዙ ክረምት አብረን ኖርን። ከዚያ ቀን ወዲህ «ተማሪዋ» ብለውኝ አያውቁም፤ «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። ደግመው አልጠየቁኝም። እኔም በየቀኑ ነገ እላቸዋለሁ እያልሁ፣ ሳስበው ገና ፊቴ እየጋለ፣ «እርስዎ» እንዳልሁ ቀረሁ።

በእውነት ያረፉ ዕለት ሴቶቹ እኔ እንድጀምር ጠበቁኝ። አፌን ከፈትሁ፣ ምንም አልወጣም። በሕይወት ሳሉ ለምነውኝ የነፈግሁትን ለሬሳቸው ልስጥ? ምራታቸው ድንጋይ ናት ተባለ፤ አልተከራከርሁም።

ይኸው ዛሬ ስለ እሳቸው ስጽፍ፣ የሚያየኝም የሚሰማኝም ሳይኖር፣ «አሉ» እያልሁ ነው የጻፍሁት። አንድ ቦታ ላይ «እናቴ እንዲህ አለችኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። መልሼ ሳነብበው አፈርሁና ሰረዝሁት።