ፊልም የቆጠብኩበት ጠዋት

እኔና ባልደረባዬ ሁለታችንም ቢቸና መምህራን ነበርን። በየዓመቱ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ከቢቸና ተነስተን በደብረ ወርቅ አድርገን እስከ ሞጣ በእግራችን እንሄዳለን። የመንገዱ ሰው "ምነው፣ መኪና ጠፋ?" እያለ ይስቅብናል።

የኔ ካሜራ የፊልም ነበር። የፊልሙ መግዣ፣ ባሕር ዳር ልኮ ማሳጠቢያ፣ ማሳተሚያ ሲደመር አንዷ ፎቶ የአንድ ቀን ምሳዬን ትበላለች። ላንሳ አላንሳ እያልኩ ስከራከር ተራራውን ደመና ይሸፍነዋል።

በዚያ ዓመት ባልደረባዬ ከወንድሙ ያገኘውን ዲጂታል ካሜራ ይዞ መጣ። መንገዱን ሙሉ ነዘነዘኝ።

"አንተ ደመወዝህን አሳጥብ፤ እኔ መቶ ባነሳ አምስት ሳንቲም አላወጣም!"

አምስት ሳንቲም የማያወጣው ሰው ደብረ ወርቅ ስንደርስ ባትሪ ድንጋይ አልቆበት ከሱቅ ሱቅ አዞረኝ። የገዛውም ሁለት ቀን አልቆየለትም።

ያን ዕለት ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ባለው የአባቴ ቤት አደርን። አባቴ በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም፤ ስለምናቸው "ምን ያደርግልኛል?" ነበር መልሳቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡና "እስቲ አንሱኝ" አሉ።

ፊልሜ ላይ ለዓባይ በረሃ የቆጠብኳቸው ሦስት ፎቶዎች ቀርተውኝ ነበር። ካሜራዬን ሳወጣ ባልደረባዬ እጄን ያዘኝ።

"ተው፣ አታባክን! በኔ ሃያ አነሳቸዋለሁ።"

ተውኩ። እሱም "ቁጭ ይበሉ፣ ከበሬዎቹ አጠገብ ይቁሙ" እያለ አነሳቸው። አባቴ በካሜራው መስኮት ራሳቸውን ሲያዩ "እንዲህ አርጅቻለሁ?" ብለው ሳቁ። "መቼ ትደርስልኛለች?"

"ለፋሲካ ይዤልዎት እመጣለሁ" አልኳቸው።

በሁዳዴ አጋማሽ አባቴ በድንገት አረፉ። ከቀብር ተመልሼ በቀጥታ ባልደረባዬ ቤት ሄድኩ።

"የአባባን ፎቶዎች ስጠኝ፤ ላሳትማቸው።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ሞጣ ስንደርስ ካርዱ ሞላብኝና... አጠፋኋቸው እኮ። በሚመጣው ዓመት ደግሜ አነሳቸዋለሁ ብዬ ነው።"

"ሃያውንም?"

ካሜራውን ተቀብዬ አየሁ። የሞጣ ገበያ በግ። የበርበሬ ክምር። እሱ ራሱ መነጽር አድርጎ። እሱ ራሱ መነጽሩን አውልቆ። በአባቴ ቦታ ያስቀመጠው ይህን ነው! ካሜራውን ከግድግዳው ላላትመው ስል ሚስቱ መሃል ገባች። ያልወጣኝ ስድብ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ካሜራው በእጄ ነበር። በሦስቱም ፎቶ ጉም የዋጠውን የዓባይ ገደል አነሳሁባቸው። አባቴንና ምሳዬን መዝኜ ምሳዬን መረጥኩ።

ኋላ ሽማግሌ ላከብኝ። ሽማግሌ አላሳፍርም ብዬ ይቅር አልኩት፤ በአፌ። በሚቀጥለው ዓመት ግን እስከ ሞጣ ብቻዬን ሄድኩ።