ከሶደሬ ያስቀረኝ አጎበር

አክስታችን እትዬ ደስታ፣ ታላቅ ወንድሜ ቶላ፣ የእትዬ ልጅ ሰላም እና እኔ። ያን ጠዋት አዳማ፣ እትዬ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን።

ትዝ ያለኝ ዛሬ ባቱ ነው። ካደርኩበት ፔንሲዮን ልወጣ ስል፣ ማንም ሳያዘኝ የአልጋውን አጎበር አጥፌ ጨረስኩ፤ በራሴ ተናደድኩ።

ያኔ የሰፈሩን ልጆች ሶደሬ ለዋና የሚወስደው ሚኒባስ ደጃችን ቆሞ ክላክሱን ያስጮሃል። እኔ የዋና ቁምጣዬን ለብሼ ነው ያደርኩት። እትዬ ግን በሩ ላይ ቆመው፣ "አጎበሩን ሳያጥፍ የሚወጣ የለም" አሉ።

"ማታ መልሰን ልንዘረጋው!" አለ ቶላ።

"ማታም ይርብሃል፤ ቁርስህን ለምን በላህ?"

"ማንስ ያየዋል?" አልኩ እኔ።

"አንተ ታየዋለህ። አንተ ሰው አይደለህም?"

መድኃኒት መድኃኒት የሚሸተው አጎበር እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ቶላና ሰላም የራሳቸውን ጠቅልለው ትራስ ሥር ወሸቁና በጓሮ በር ሮጡ። እኔ ጠርዙን ከጠርዙ ሳገጥም ሚኒባሱ ሄደ። እትዬ እጥፋቱን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ "ጎሽ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው!" አሉኝ። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። አሁንም አልበረደልኝም።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ቶላ፣ ሰላም፣ የቀረውን እናንተ ጨምሩበት፤ ውሃው ይሞቅ ነበር?