ጸበል የተረጨው ግራፊክስ ካርድ

ዛሬ ጠዋት ግራፊክስ ካርዴ ጸበል ተረጨ። ቀልድ አይደለም።

ለማታውቁት፣ ኮምፒውተር ላይ የጌሙን ምስል የሚያወጣው ዕቃ ነው። በአሮጌው ካርዴ የኳስ ጌም ስጫወት ኳሷ መረብ ውስጥ ገብታ በረኛው ገና ለመዝለል ያስባል።

ሌላ ካርድ ስመርጥ ከረምኩ። ጠንካራውን ካርድ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የኮምፒውተሬ ፓወር ሰፕላይ አይችለውም። ፓወር ሰፕላዩንም ልቀይር ካልኩ እኔ አልችለውም። በመጨረሻ ደከመኝና አንድ ያገለገለ ትንሽ ካርድ ከአዘዞ ገዛሁ።

ጠዋት ኮምፒውተሩን ፈትቼ ልገጥመው ስል የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። እንደ ወጉ ብድግ ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ካርዱን ከእጄ ማስቀመጥ ረሳሁ።

እማዬ ደግሞ፣ «አባ፣ ለእሱም ይጨምሩለት፤ ልጄ እንቅልፍ ያጣው በእሱ ነው» አለቻቸው።

ጨመሩለት። አልሰሰቱም።

ምን ልበል? «አሜን» አልኩ።

አሁን ካርዱ ግቢ ውስጥ ከተሰጣው በርበሬ አጠገብ ፀሐይ እየሞቀ ነው። እማዬ ዱላ ይዛ ዶሮዎቹን ታባርርለታለች። ሲደርቅ ለመሰካት ግን ድፍረቱም ጉልበቱም የለኝም።

እናንተስ፣ ስንት ደክማችሁ ያመጣችሁትን ዕቃ ቤተሰብ በፍቅር ጉድ የሠራባችሁ የላችሁም? እባካችሁ ብቻዬን አታድርጉኝ።

ሻጩ «ዋስትና የለውም» ብሎኝ እንደነበር ለእማዬ ነገርኳት።

ዶሮዎቹን እያባረረች፣ «ምነው እንዲህ መተከዝ? አሁን አለው» አለችኝ።