ቢጫው ዱቄትና የአባቴ ጋቢ

ያን ዓመት ሕልሜ ሁሉ ቢጫ ነበር። ለማስተርስ መመረቂያዬ፣ ቀለም ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ዱቄት፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን፣ ከዩሪያ ጋር ፈጭቼ የላቦራቶሪው ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። የዩሪያው ናይትሮጅን ከገባበት እንደ ሽምብራ ዱቄት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ነጩ የሚሠራው ዓይን በማያየው ጨረር ነው፤ ቢጫው ግን በምናየው ብርሃን ውኃ ውስጥ ያለ ቀለም ያጠፋል ተብሎ ይጠበቃል። ይጠበቃል! መብራት በሄደ ቁጥር ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ እኔም አብሬው።

አማካሪዬ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። "ቀለሙን ብርሃኑ አጠፋው ወይስ ዱቄቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ?" በዚያ ሳምንት ካልመለስኩላቸው ርዕሴን ልቀይር ነው። ያ ሁሉ ልፋት አፈር ሊበላ! የላቦራቶሪው አምፖል ደግሞ ተቃጠለና፣ የቀረችኝን ዱቄት ይዤ ፀሐይ ልለምን ቤት ሄድኩ።

ቤታችን የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ጠዋት ጉሙ ከባሕር ዛፉ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ግቢያችን የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ እኔም መንቃቴን እጠራጠራለሁ። ጉሙ ሲገፈፍ ጠርሙሶቼን በረንዳው ላይ ደረደርኩ። ሰማያዊ ቀለም፣ ከሥሩ ቢጫ ዱቄት፣ ከላይ የማይታየውን ጨረር የሚከለክል ፕላስቲክ። ሰማይ ቀድቼ ያስቀመጥኩ መሰለኝ።

"አደራ እማዬ፣ ሁሉንም እኩል እየነቀነቅሽልኝ" ብዬ ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ጠርሙሶቹ አይታዩም። የአባቴ ጋቢ ተከምሮባቸዋል።

"እማዬ! ምን ነካሽ?"

"ገና እንደወጣሽ ጎረቤት መጥታ 'ውይ ሲያምር!' ብላ ዓይኗን ተክላ ቀረች። ዝም ብዬ ልያት? ሸፈንኩልሽ። መነቅነቁን እንዳልሽኝ ነቅንቄያለሁ።"

እርር አልኩ። ወጥ ነው እንዴ ከሰው ዓይን የሚሸፈነው? ፀሐይዋ ሄዳለች፣ ዱቄቱም አልቋል። ጋቢውን ገለጥኩ። ከሥሩ ያሉት እንደ ጠዋቱ ሰማያዊ ናቸው። ጋቢው ያልደረሰላት የዳሯ ጠርሙስ ግን የምንጭ ውኃ መስላለች፤ ታች የረጋው ዱቄት እንኳ ቢጫነቱን አልለቀቀም። ቀለሙ አልተለጠፈበትም። ብርሃኑ ነው! ጨለማ ውስጥ የዋሉት ምንም አልሆኑም።

 እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጬ በደስታ አለቀስኩ። እናቴ ለቅሶዬን አይታ ደነገጠች፤ ጠርሙሷን አንስታ አየቻትና ደረቷን መታች።

"አላልኩሽም? ይኸው፣ ያልሸፈንኳትን በላቻት!"