አባቴና ራስ ክምሩ

አባቴን ስትሮክ ከመታው በኋላ ለቡ መብራት ኃይል ወዳለው ቤቴ አመጣሁት። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ያን ጊዜ ግን ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት፣ አንደበቱም ተሳስሮ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር። እኔ የምተዳደረው ቤቴ ውስጥ ልብስ በመስፋት ስለሆነ፣ የስፌት መኪናዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ በአንድ ዓይኔ እሱን እያየሁ እሠራለሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እጁን እንዲያፍታታበት የጎማ ኳስ ሰጥታው ነበር። አንድ ሁለቴ ጨበጠውና ወንበሩ ሥር ጣለው። ባነሳለት መልሶ ጣለው። የሕፃን መጫወቻ መስሎት እንደተናደደ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ከበረንዳው እስከ ቆርቆሮ አጥሩ ያለችው ቦታ ቤቱ ሲሠራ የተረፈ ጠጠርና ስብርባሪ ብሎኬት የተጣለባት ጠፍ መሬት ነበረች። አባቴ በመጣበት ክረምት ማንም ያልተከለው፣ ራስ ክምር የሚባለው አበባ እዚያ ፍርስራሽ መሃል በቀለ። መስከረም ሲጠባ ትከሻዬ ደርሶ ነበር። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው። በየአንጓው ኳስ የመሰለ ራስ ያወጣና ከራሱ ዙሪያ ቀጫጭን ብርቱካንማ አበቦች ይፈነዳሉ። አንዱ ራስ ከሌላው በላይ እየተከመረ ይሄዳል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የስፌት መኪናዬን ሳቆም አባቴ ብቻውን ሲስቅ ሰማሁት። ወጥቼ ባይ፣ ምንቃሯ ረጅምና ቆልማማ የሆነ አንዲት ትንሽ ወፍ አበባው ላይ ተንጠልጥላ ማሩን ትመጥጣለች። አንገቷ ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ ያብለጨልጫል። አባቴ በግራ እጁ እያመለከተ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ "እኛም… ልጅ ሆነን… እንመጥጠው ነበር" አለኝ። ከታመመ ወዲህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ስሰማው ያ የመጀመሪያው ነበር። አንድ አበባ ቀጥፌ ሰጠሁት። ጫፉን ከንፈሩ ላይ አድርጎ መጠጠና ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ በኋላ ራስ ክምሩን እንደ ልጅ ያዝኩት። ፍርስራሹን አንስቼ አፈር አለበስኩለት፤ ሲደርቅም ዘሩን ሰብስቤ በአጥሩ ጥግ በሙሉ በተንኩ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ነው። ያልበቀለበት ቦታ የለም፤ በበረንዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ በመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ባዶ ባልዲ ውስጥ ሳይቀር ብቅ አለ።

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ እማማ የምላቸው አሮጊት፣ ከሰፈሩ ነባር ገበሬ ቤተሰብ ናቸው። ዙሪያቸው ሁሉ ቤት ሆኖ፣ በቀረቻቸው መሬት ላይ ጎመንና ድንች ያለማሉ። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ከፍቼ ሳይ እፍኝ ሙሉ ቡቃያ ከነሥሩና ከነጭቃው ይዘው ቆመዋል።

"ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ነው" አሉኝ። "ጎርፉ በአጥሩ ሥር ይዞት ገብቶ ጎመኔን ሊውጠው ነው። አንቺ ለማየት ትወጂው ይሆናል፤ እኔ ግን የምበላው ከዚያች መሬት ነው።"

የያዝኩትን ስፌት ትቼ አብሬያቸው ገባሁና መደቡን እስከ ማታ ስናርም ዋልን። ሳይወቅሱኝ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው መንቀላቸው ከቁጣም በላይ ከበደኝ። ለሚመጣው ዓመት አንድም እንደማያገኙ ቃል ገባሁላቸው። እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም ነበር።

ነገሩን የሰማው ወንድሜ መላ አለኝ አለ። እኔ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሄድኩበት እሑድ ገጀራ ይዞ መጥቶ ግቢው ውስጥ ያለውን ራስ ክምር በሙሉ ጨፈጨፈው። ስመለስ አባቴ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል። ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲያም ምግብ እያጎረስኩት እንኳ አላየኝም። ወንድሜን ልቆጣ ብዬ ተውኩት፤ ለእኔ ብሎ ያደረገው ነው።

ዝናቡ ሲቀጥል ግን ከጉቶው አዲስ ቅርንጫፍ አቆጠቆጠ፤ ከቀድሞው የበለጠ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ሮጬ ሄጄ የአባቴን ወንበር ወደ ግቢው አዞርኩለት።

የዚያን ዓመት አበባውን ከልቤ አየሁት። ከላይ ያለው ራስ ገና ሲያብብ ከሥር ያለው ደርቆ ዘር ማራገፍ ይጀምራል። ስለዚህ ግንዱን መቁረጥ አያስፈልግም፤ ከታች እየጠወለገ ያለውን ራስ ሳይደርቅ መልቀም ብቻ ነው። አጥሩ ሥር ድንጋይ ደርድሬ ጎርፉን ወደ መንገዱ ቦይ መለስኩትና፣ መቀስና ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ለቀማውን ጀመርኩ። የበሰለው ራስ እሾህማ ነው፤ ጣቴን እየወጋኝ ስነጫነጭ አባቴ እጁን ዘረጋ። መቀሱን ፈልጎ ነበር።

በግራ እጁ እየረዳ መቀሱን ቀኝ ጣቶቹ ውስጥ አስገባ። የመጀመሪያውን ራስ እስኪቆርጥ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ላግዘው እጄን ስሰነዝር በዓይኑ ከለከለኝ። የአበባው ራስ ተቆርጦ ወደቀ። ወደሚቀጥለው ዞረ።

ከዚያ በኋላ ያን ሥራ አላስነካኝም። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወንበሩን አበቦቹ መሃል አስቀምጥለታለሁ፤ እሱ ይለቅማል፣ ወፊቱ ከላዩ ማሩን ትመጥጣለች። በጋው ሳያልቅ ከወንበሩ ተነስቶ፣ በአንድ እጁ አጥሩን ተደግፎ፣ ከአበባ ወደ አበባ መሄድ ጀመረ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ እጁን ስትጨብጠው ጥንካሬው አስደነገጣት፤ በምን እንዳሠራው ጠየቀችው። "ሥራ ይዣለሁ" አላት።

ክረምቱ ገባ። መሬት ውስጥ ከቀረው የቆየ ዘር እኔ ግቢ ጥቂት ቡቃያ ወጣ፤ በአጥሩ ጥግ ያሉትን የቆዩ ግንዶች ብቻ ትቼ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ እየነቀልኩ ጨረስኩት። ነሐሴ ላይ እማማ ጠሩኝ። እንደገና በቀለባቸው ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ። መደብ በመደብ እያዞሩ፣ የጎመኑን ቅጠል በእጃቸው እየገለጡ አሳዩኝ። ከጎመንና ከድንች በቀር ምንም አልነበረም።

በአበባው ጊዜ እሳቸው ወደ እኛ መጡ። አጥሩ ጥግ ያለው ሁሉ ብርቱካንማ ሆኖ፣ አባቴ መቀሱን ይዞ መሃሉ ቆሟል።

"ይሄን ያህል አብቦ እኔ ጋ አንድም አልመጣም" አሉ።

"እኔ እያለሁ የት ይሄዳል?" አለ አባቴ። አንዱም ቃል አልተደናቀፈበትም።

እማማ ሳቁና በመንገዱ በኩል ያለው የጽድ አጥራቸው አድጎ መውጫ እንዳሳጣቸው፣ የሚከረክመው ሰው እንዳጡ ነገሩት። አባቴ ትንሽ አሰበና ትልቁን መቀስ አምጪ አለኝ። ከመጣ ጀምሮ ለሕክምና በመኪና ካልሆነ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ከዘራ ላቀብለው ስል ትርፍ እጅ አልነበረውም፤ በአንዱ መቀሱን ይዟል፣ በሌላው የእማማን ክንድ። በሩን ከፈትኩላቸው። በኮብልስቶኑ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ ሲሄዱ፣ የትኛው ቅርንጫፍ መቅደም እንዳለበት ከአሁኑ ሲከራከሩ እየሰማሁ ከኋላ ተከተልኳቸው።