ጉድጓድ የበላው ወርቅ

ያንን ዕቃ ሳስብ አሁንም ክንዴ ይዝላል።

ሆሳዕና ነው ያደግሁት። ደርግ በገባ ማግስት ጎረቤታችን የነበሩት ዳኛ ታሰሩ። ባለቤታቸው ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲሰናዱ አንድ የአበባ ማስቀመጫ በነጠላ ጠቅልለው ለእናቴ አመጡላት። የፈረንሳይ ነው፤ ገላው እንደ ስኒ የጠራ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ጽጌረዳ የተሣለበት። እግሩና ሁለት ጆሮዎቹ ወርቅ ነበሩ። ወርቅ ነው ብለን ነበር ያመንነው፤ እሳቸውም እንደዚያው።

«አደራሽን፤ የሰርግ ስጦታዬ ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አልቀረልኝም» አሏት።

እናቴ ደግሞ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል ከልቧ የምታምን ሴት ነበረች። የቀበሌ ሰዎች በየቤቱ የአድኃሪ ንብረት እያሉ ይፈትሹ ነበር። የት ትደብቀው? ብዙ አላሰበችም። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ጓሮ ወሰደችውና ቆጮ ከሚብላላበት ጉድጓድ ከታች ቀበረችው። ፈታሾቹ መጥተው ሣጥኑንም አልጋውንም ገለበጡ። የሰው ምግብ ግን አልቆፈሩም።

ዓመታት አለፉ። ቆጮው በተገላበጠ ቁጥር ዕቃውን አውጥቼ፣ ቅጠሉን ለውጬ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ታከተኝ። በሰው ዕቃ እጄ ኮመጠጠ እያልኩ አማርር ነበር። ሸክላው ምንም አልሆነም፤ ወርቅ ያልነው ግን በቆጮው ጭማቂ አረንጓዴ እየሆነ ሄደ። አንድ ቀን እናቴ ገበያ በሄደችበት፣ እንገላገል ብዬ፣ ድስት እንደማሽበት በአመድና በአሸዋ ፈተግሁት። አረንጓዴው ለቀቀ። ወርቁም አብሮ ለቀቀ። ለካ ስስ ቅብ ኖሯል፤ ከሥሩ የወጣው ደብዛዛ ነሐስ ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷም የቆጮው ኮምጣጣ ጭማቂ በላው ብላ እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፋች።

ሴትየዋ ተመልሰው ሲመጡ ከስተው፣ ጥቁር ለብሰው ነበር። ዕቃውን አገላብጠው አዩት።

«ወርቁስ?»

«ጉድጓድ በላው፣ እትዬ» አለች እናቴ፣ በቅጡ ባልለመደችው፣ በሚሰባበር አማርኛዋ።

እሳቸው ቀና ብለው፣ ወንድሜ በመምህርነት ደመወዙ ያለበሰውን አዲሱን የቆርቆሮ ጣሪያችንን ተመለከቱ። ብዙ ተመለከቱት። እኔ በር ላይ ቆሜአለሁ። እኔ ነኝ የፈተግሁት ማለት ነበረብኝ፤ ከበሩ ገለል ብዬ መንገድ ለቀቅሁላቸው።

«እግዜር ይስጥሽ» ብለዋት ዕቃቸውን ታቅፈው ወጡ።

እናቴ ከዚያ በኋላ፣ እስክትሞት ድረስ፣ የጎረቤት ቁልፍ እንኳን ተቀብላ አላስቀመጠችም።