ጀልባ የበላች ማስቲካ

እኛ በኤሪ ሐይቅ ዳር የምንኖር የአሽታቡላ ከተማ ሰዎች ሰውን የምናውቀው በከፈተው ነገር ነው፤ አንዱ ቢራ ቤት ይከፍታል፣ ሌላው አፉን። ቨርሊን ኮሽ ግን ስሙ የተጠራው ባልከፈተው ነው። በልጅነቱ በአምስት ሳንቲም የገዛት፣ የቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው ጥቂት ካርዶችና አንዲት ዝርግ ማስቲካ በሰም ወረቀት የተጠቀለሉባት እሽግ ነበረችው። የሠራት ፋብሪካ በዚያው ዓመት ከሰረ። የሰፈሩ ልጆች የየራሳቸውን ቀደው ማስቲካውን አኘኩ፤ ካርዱን በብስክሌት ጎማ ሽቦ መሃል ሰክተው እያንጣጡ ጨረሱት። ቨርሊን ያን ሰሞን ጥርሱን አሞት ነበርና የሱን ሳይቀድ አስቀመጣት። ሀብቱ የመጣው ከጥርስ ሕመም ነው።

ይህ ነገር ዛሬም ይደንቀኛል። ወርቅ ቢያንስ ያበራል። ይህች እሽግ የከበረችው ግን ሌሎቹ ስለጠፉ ብቻ ነው። እነዚያ ሁሉ ልጆች በደስታ ባያላምጡ ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያያት ነበር?

ሳይቀደዱ በዓለም ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው ይባል ነበር። እግዜር ቀልድ ይወዳልና ሁለተኛዋ የነበረችው በኦቲስ ፕራትኮ እጅ ነው። እሑድ እሑድ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ የካርድ ገበያ ሲቆም፣ ኦቲስ ጠረጴዛውን የሚዘረጋው ከቨርሊን አጠገብ ነው።

«አትቀዳትም እንዴ፣ አንተ ፈሪ?» ይላል ቨርሊን።

«አንተ ያንተን ቅደድና የኔ እጥፍ ታውጣ።»

«እኔ ሞቼ ነው የምትከፈተው።»

«ስትሞትማ ለምርመራ የምትከፈተው አንተ ነህ!»

በዚህ ዓይነት አብረው አረጁ። ከዚያ አንድ ሽቅርቅር የካርድ ሰብሳቢ ከክሊቭላንድ ከተማ መጣ። ሁለቱንም እሽጎች በጓንት አገላብጦ አየና፣ «ሁለት ካለ ዕቃ ነው፤ ብርቅ የሚሆነው አንድ ሲቀር ነው። ያኔ ጥሩኝ» ብሎ ሄደ።

ቨርሊን ዕንቅልፍ አጣ። ዕድሜውን ሙሉ ወደብ ላይ ከመርከብ ማዕድን ሲያራግፍ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ያተረፈው አንዲት ጀልባ ነው። እሷን ለጀልባ ነጋዴ ሸጠ። በገንዘቡ የኦቲስን እሽግ ገዛ።

በአዳራሹ ወግ አሮጌ እሽግ ሲቀደድ ኮፍያ ይወልቃል፤ ማስቲካውንም ቀዳጁ ራሱ ማኘክ አለበት። በተከታዩ እሑድ ሁላችንም ኮፍያችንን አውልቀን ቆምን። ቨርሊን ከኦቲስ የገዛትን ቀደደ። ካርዶቹ ማንም በስም የማያውቃቸው ተጫዋቾች ነበሩ፤ አንዱማ ዓይኑን ጨፍኗል። ማስቲካዋ አፉ ውስጥ ገብታ ዱቄት ሆነች።

«ጣዕሟስ?» አለ ኦቲስ።

«ኖራ ኖራ ይላል» አለ ቨርሊን፣ እንደ ንጉሥ እየሳቀ። «ከእንግዲህ በዓለም ላይ ያለችው የኔ ብቻ ናት!»

በቃ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ሰው ግን አንድዬ ሲሆን ምስክር ይፈልጋል። ቨርሊን የከተማችን ሬዲዮ ላይ ወጥቶ የማስቲካዋን ስም፣ የወረቀቷን ቀለም፣ የዋጋዋንም ግምት አንድ በአንድ ተረከ።

ሰብሳቢው ሊገዛ በመጣበት እሑድ፣ ወይዘሮ ሂልማ ላይቲነን የሚባሉ አሮጊት አንድ ካርቶን በጋሪ እየገፉ አዳራሹ ገቡ። ሟች ባላቸው ለሱቆች ከረሜላ ያከፋፍሉ ነበር።

«ሬዲዮ ላይ ሲለፈልፍ የነበረው የቱ ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ ሂልማ።»

«ተባረክ፣ ልጄ። ይህን ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ከሥሩ ነበር ያደረግሁት። የምትለው ይህን ነው?»

ካርቶኑ እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ሁሉም ያልተቀደዱ፣ ሁሉም የቨርሊን እሽግ መንትያዎች። ሰብሳቢው ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ከተተና ወጣ። ስንት ዘመን የተወደደውን ነገር አንዲት ባልቴት በጋሪ ሲያረክሱት አየሁ። ውድነቱ ራሱ እንደ ደወል ጮኾ ነው እሽጎቹን ከምድር ቤት የቀሰቀሳቸው።

ኦቲስ ሲስቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ የቨርሊንን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ።

«ስማ» አለው። «አንድ ጀልባ ገዝቻለሁ። ሞተሯ አልነሳ እያለች ታስቸግረኛለች።»

«የማን ጀልባ?»

«የማን ይመስልሃል? በሰጠኸኝ ገንዘብ ሌላ ምን ልግዛ? ና፣ ነገ ዓሣ ልናጠምድ እንውረድ። ጠባይዋን የምታውቀው አንተ ነህ።»

«በገዛ ጀልባዬ እንግዳ ልሁን?»

«እንግዳ አይደለህም፤ ቀዛፊ ነህ።»

ሲነጋ ኤሪ ሐይቅ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጭ ነበር። ቨርሊን ሞተሯን በእርግጫ አስነሳት፤ ዱሮም የምትሰማው በእርግጫ ነው። መሃል ሐይቅ ሲደርሱ ከደረት ኪሱ የልጅነት እሽጉን አወጣ። ኦቲስ መረቡን ጣለና ኮፍያውን አወለቀ። የሰም ወረቀቷ ስትቀደድ ድምፅ እንኳ አላሰማችም።

ቨርሊን ማስቲካዋን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ለኦቲስ ሰጠ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አኘኩ።

«ጣዕሟስ?» አለ ኦቲስ።

ቨርሊን ወደ ሐይቁ ተፋ።

«ጀልባ ጀልባ ይላል።»